የውሻ ግብርና የጅብ ገንፎ

ጀርመን ሆኜ ከሐረር በስልክ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች እንደ ውሻ ግብር መጀመሪያ አስቆ በኋላ የሚያናድድ የለም። «እውነት ጀርመን ለውሻ ግብር ይከፈላል?» ይላሉ። አዎ ሲባሉ ይስቃሉ። መድን እንደሚገባለት፣ የሕክምናው ዋጋ በመንግሥት ደንብ እንደተተመነ፣ ትልቅ ከሆነም ባቡር ሲሳፈር ትኬት እንደሚቆረጥለት ሲሰሙ ግን ሳቁ ወደ ትዝብት ይዞራል፤ ሰው በዘይትና በጤፍ ዋጋ በሚማረርበት ዘመን ውሻ ማሳከም ምን የሚሉት ጥጋብ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አልሸሸውም። የሚደንቀኝ የሚነሳበት ቦታ ነው። በየዓመቱ በአሹራ ሌሊት ቅቤ የጠገበ ገንፎ ለጅብ የሚያቀርብ ከተማ ልጅ፣ ለእንስሳ ገንዘብ ማውጣት እብደት ነው ሲል ያስገርማል። የእኔ ክርክር አጭር ነው፦ ያለ ወጪ የሚኖር ውሻ የለም። በርሊን ላይ ወጪውን ባለቤቱ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሐረር ላይ የተነከሰው ሰው ዘግይቶ ይከፍላል።

የበርሊኑን ሂሳብ ልዘርዝረው። ለመጀመሪያው ውሻ በዓመት 120 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ ላሉት ለእያንዳንዳቸው 180 ዩሮ ግብር አለ። በዛሬው ምንዛሪ የአንዱ ውሻ ግብር ብቻ ከ15 ሺህ ብር ይበልጣል። ውሻው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን መግባት ግዴታ ነው፤ ሽፋኑም ከ1 ሚሊዮን ዩሮ ማነስ የለበትም። ከቆዳው ሥር ቺፕ ይቀበርለታል፣ በከተማው መዝገብም ይሰፍራል። የምግቡ ወጪ እንደ ቁመቱ ነው። የሚያስደነግጠው የሐኪሙ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ በሚሠራበት የዋጋ ደንብ፣ ውሻን አጠቃላይ ምርመራ ማድረግ ብቻ 23 ዩሮ ከ62 ሳንቲም ያስከፍላል፤ ያውም ይህ ዝቅተኛው ነው፣ ሐኪሙ እንደ ሥራው ክብደት እስከ ሦስት እጥፍ መጠየቅ ይችላል። ሌሊት ወይም በዓል ከሆነ ሂሳቡ ከሁለት እጥፍ ጀምሮ እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል፤ በላዩም 50 ዩሮ የአስቸኳይ አገልግሎት ክፍያ ይታከላል። ስለዚህ እሑድ ሌሊት አንዳች ነገር ውጦ የሚያቃስትን ውሻ ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ «ምንም አልሆነም» ቢል እንኳ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሲደመር ከ115 ዩሮ በላይ ይከፈላል። ራጅና ቀዶ ጥገና ገና አልተነሱም። በዚህ ላይ ጊዜም ወጪ ነው፤ የውሻ አያያዝ ደንቡ ውሻ ከቤት ውጭ በቂ እንቅስቃሴ እንዲያገኝ ያዛል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውል ሰው የሚያንሸራሽርለት ይቀጥራል።

ግብሩ ራሱ ከእንስሳ ፍቅር የመነጨ እንዳይመስላችሁ። ፕራሻ በናፖሊዮን ተሸንፋ የጦር ካሣ ዕዳ በተጫነባት ዘመን፣ በ1810፣ ያለ ሥራ ውሻ የሚቀልብ ሰው ገንዘብ ተርፎታል ብላ የጣለችው የቅንጦት ግብር ነው። ዛሬ በመላ ጀርመን በዓመት ከ400 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይሰበሰብበታል፤ ገንዘቡም ለውሻ ጉዳይ ተብሎ አይለይም፣ ከማዘጋጃ ቤቶች ጠቅላላ ገቢ ጋር ይቀላቀላል። እንግሊዝ የእሷን የውሻ ፈቃድ ክፍያ በ1987 ሰርዛዋለች። ስለዚህ ግብሩን ብቻ ነጥሎ ለሚነቅፍ ሰው ጠበቃ አልቆምም። ዋጋ የምሰጠው አብሮት ለሚመጣው ነገር ነው። ግብር የሚከፈልበት ውሻ ስምና አድራሻ ያለው ባለቤት አለው። የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 833 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ያዡን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ቺፑ ያዡ ማን እንደሆነ ይናገራል፤ መድኑ ደግሞ ያዡ ደሃ ቢሆንም ተነካሹ ካሣውን እንዳያጣ ያደርጋል። ሦስቱ ተያይዘው ሲሠሩ «የእኔ ውሻ አይደለም» የሚባል መልስ አይኖርም።

ከዚህ ሁሉ ስደተኛን የሚያመው ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለውሻ ፓስፖርት ይሰጣል። ውስጡ የቺፑ ቁጥርና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ተመዝግቦበታል፤ እሱን የያዘ ውሻ ከጌታው ጋር ከበርሊን ፓሪስ፣ ከፓሪስ ሮም ይሻገራል። ለእናቱ ለቅሶ ለመድረስ ወይም ለወንድሙ ሠርግ ቪዛ ለሚለምን ሐበሻ ይህ መራራ ነው፤ ምሬቱን አልክድም። ግን ፓስፖርቱን ገልጦ ያየ ሰው ከክብር ይልቅ ፍርሃት ያነብበታል። አውሮፓ ለውሻ ፓስፖርት የሰጠችው ውሻን ከሰው አስበልጣ አይደለም፤ በውሻ በኩል የሚመጣውን ሞት ስለምታውቀው ድንበር ላይ ልትቆጥረው ፈልጋ ነው።

ያንን ሞት እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ እብድ ውሻ በሽታ የኢትዮጵያ ታሪክ ሲጽፉ እ.ኤ.አ. በ1903 አዲስ አበባ ላይ የደረሰውን ወረርሽኝ ይጠቅሳሉ፤ ከመቶ ዓመት በላይ አብሮን ኖሯል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ነው፤ ባበደ እንስሳ ተነክሰዋል ተብለው ከሚጠረጠሩት ከ10 ሰው 4ቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ የሐረርን ውሻ ኑሮ በዚህ ዓይን እንየው። ቀን ከልኳንዳ ደጃፍ አጥንት፣ ማታ ከየቤቱ የሚደፋ ትርፍራፊ ይበላል፣ ሌሊት ለሰፈሩ ይጮኻል። ማንም አይከፍልለትም፤ ሁሉም ይጠቀምበታል። ሌባ ሲያባርር የሰፈሩ ሁሉ ነው፤ ሲነክስ ግን የማንም አይደለም። ሂሳቡ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ የሚደርሰውም ከውሻው ምንም ላልተጠቀመ ሰው ነው፦ ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ፣ ጫት ይዛ ወደ ገበያ ለምትወርድ የገጠር ሴት። የዓለም ጤና ድርጅት ከንክሻ በኋላ የሚሰጠው ሕክምና በአማካይ 108 ዶላር ገደማ እንደሚፈጅ ይናገራል፤ መጓጓዣውና ከሥራ የቀሩበት ቀን ሲታከል ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ በግ ያሸጣል። በሀገራችን ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው ክትባት ደግሞ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ሆድ ላይ የሚወጋው ነበር። ከገጠር መጥቶ ለዚያ ሁሉ ቀን ከተማ ማደር ያልቻለ ሰው መርፌውን አቋርጦ ይመለስ ነበር፤ ወይም ከመጀመሪያውም ወደ ባህል ሐኪም ይሄድ ነበር።

ሕግ አጥተን እንዳይባል፣ ሕጉ አለን። በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ ያመለጠ ቢሆን፣ ጉዳቱም አስቀድሞ የማይገመት ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርም። ከጀርመኑ አንቀጽ በምንም አያንስም። የጎደለን ከሕጉ በታች ያለው ነው፦ መዝገብ፣ ምልክት፣ መድን። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማስረዳት ካልተቻለ በጣም ጥሩ የተጻፈ አንቀጽም ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ይቀራል። ጠዋት ስሙን ጠርቶ አጥንት የወረወረለት ጎረቤት ከሰዓት በኋላ ውሻውን አላውቀውም ቢል የሚያጋልጠው ነገር የለም። በዚህ ጎረቤቱን ክፉ ነው አልልም፤ ባለቤትነት ጥቅሙን ለሁሉም፣ ዕዳውን ለአንድ ሰው የሚያሸክም ከሆነ ማን ባለቤት ነኝ ይላል?

መክፈል ያልፈለገ ከተማ ሁልጊዜ አንድ ርካሽ መንገድ ይታየዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሐረር ይህን ታሪክ ከባዕድ ሰው ጋር አያይዛ ታውቀዋለች። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ሐረር ላይ ቡናና ቆዳ በሚነግድበት ጊዜ፣ ውሾች ቆዳው ላይ እየሸኑ ቢያስቸግሩት መርዝ አስቀምጦ እንደፈጃቸው፣ መርዙ በጎችንም ገድሎ ሕዝቡን እንዳስቆጣ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ። ነጋዴ ነበርና የውሻን ወጪ በተበላሸ ቆዳ አሰላው፤ የመርዙን ወጪ ግን በሌሎች ሰዎች በግ ላይ ጣለው። ከእሱ በኋላ የኢትዮጵያ ከተሞች ባለቤት አልባ ውሻን በዚያው መንገድ ለብዙ ዘመን ገድለዋል። ዘዴው ጭካኔው ቢቀር እንኳ አይሠራም። ውሻ የሚበዛው ቆሻሻ ስላለ ነው፤ ቆሻሻው ባለበት ቦታ የተገደለው ውሻ ሥፍራ ከሌላ ሰፈር በመጣ፣ ባልተከተበ ውሻ ይሞላል። ክትባት ያገኘውም ካላገኘው ጋር አብሮ ስለሚሞት የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በሽታውን የሚገታው ግድያ ሳይሆን ከ100 ውሻ 70ውን መከተብ ነው ይላል። እኛ ግን ሰው ከተነከሰ በኋላ ዱላና መርዝ ይዘን እንወጣለን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

የሚያስቆጨኝ ሐረር አስቀድሞ መክፈልን ጠንቅቃ የምታውቅ ከተማ መሆኗ ነው። እንደሚተረከው በክፉ ዘመን ርኃብ የጠናባቸው ጅቦች ሰው መፍጀት ሲጀምሩ፣ አውሊያዎች ሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው ለጅቡ ገንፎ እንዲሰጠው ወሰኑ። ተረት ነው የሚል ይበል፤ ውሳኔው ግን የበጀት ውሳኔ ነው። በኋላ ከሚመጣው ጉዳት የገንፎው ዱቄትና ቅቤ ይረክሳል ተብሎ ተሰላ። ከተማዋን በከበበው የጁገል ግንብ ሥር ያሉት የጅብ ሽንቁሮችም የዚያው ሂሳብ አካል ናቸው፤ ሌሊት ገብቶ ጥራጊውን በልቶ፣ ሳይነጋ እንዲወጣ መንገድ ተተወለት። ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ጅብ የሚያጎርሰው ሰው ዛሬ የሐረርን ስም ከዩኔስኮ መዝገብ እኩል ዓለም አድርሶታል፤ ቱሪስትም ከፍሎ ያየዋል። ጅብ የሚሰጠው አገልግሎት በገንዘብ ሲተመን ደግሞ ቀላል አይደለም። የመቐለ ዩኒቨርሲቲው ጊደይ ይርጋ የተሳተፈበት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፣ በመቐለ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ጥንብ እንደሚያጸዱና በዚህም አንትራክስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን በመከላከል 52 ሺህ ዶላር ያህል ወጪ እንደሚያድኑ አስልቷል። ጅብ ሰው የጎዳበት ጊዜ የለም አልልም፤ ውሉ ፍጹም አይደለም። ግን ውል አለ። ከጅብ ጋር ውል የገባ ከተማ ደጁ ላይ ከሚያድረው ውሻ ጋር የለውም።

ጀርመንም ከእብድ ውሻ በሽታ የወጣችው በግብር ብቻ አይደለም። በሽታው በዱር በቀበሮ ላይ ስለነበር ከ1983 ጀምሮ ክትባት ያለበት ምግብ በየጫካው ተበተነ፤ ኋላም ከአውሮፕላን ይወርድ ጀመር። ቀበሮዎቹ እየበሉ ተከተቡ፤ በ2008 ሀገሪቱ ከበሽታው ነፃ ሆነች። ለቀበሮ ምግብ ከሰማይ የሚያዘንብ መንግሥትና ለጅብ ገንፎ የሚያቀርብ ከተማ በአስተሳሰብ ወንድማማች ናቸው። ባሌም ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 ከውሻ የተላለፈው በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከሦስት አራተኛ የማያንሱትን ፈጅቷል፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስፈራ ኪሳራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ባሌ ላይ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ እየተደረገ ለቀበሮዎቹ መሰጠት ጀመረ። ለዱሩ ከቻልን ለሰፈሩ ማን ከለከለን?

የመጀመሪያው መልስ ድህነት ነው፤ «ጀርመን ሀብታም ናት፣ ታድርገው» ይባላል። እኔ ግን 120 ዩሮ ግብር ወደ ሐረር ይምጣ አላልኩም፤ የሌሊት የውሻ ሐኪምም አልጠየቅሁም። የውሻ ክትባት ከነሙያተኛው ሲሰላ ለአንድ ተነካሽ ከሚወጣው እጅግ ያንሳል፤ በአንድ ሰው ሕክምና ብዙ ውሻ ይከተባል። ደሃ የሆነ ከተማ ነው በርካሹ አስቀድሞ መክፈል ያለበት፤ ውዱን ዘግይቶ መክፈል የሚችለው ሀብታም ነው። ሁለተኛው መልስ የሃይማኖት ነው። ሐረር የሻፊዒ መዝሀብ ከተማ ናት፤ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ይታጠባል። ክርስቲያኑም ቢሆን ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዲገባ አይፈቅድም። ይህን የሚነካ ነገር የለም፤ ውሻን አስከትቦ ከደጅ ማሳደር ይቻላል። ለጥበቃና ለከብት የሚሆን ውሻ መያዝ በእስልምና የተፈቀደ ነው፤ በጥም ለሚያለከልክ ውሻ ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ የሚነግረንም የነቢዩ ሐዲስ ነው። መጸየፍ አንድ ነገር ነው፤ በሽታው ሰው እስኪገድል ዝም ማለት ሌላ።

ከባዱ መልስ ሦስተኛው ነው፦ «ለውሻ የምታወጡትን ለወገን ብትልኩ ምናለ?» አሜሪካኖች በ2023 ለቤት እንስሳት 147 ቢሊዮን ዶላር አውጥተዋል፤ ከኢትዮጵያ የዚያ ዓመት ጠቅላላ ምርት ብዙም አይርቅም። ይህን የሰማ ሰው ቢያዝን አይፈረድበትም። እዚህ ለውሻ ልደት ኬክ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ለእሱ መከራከሪያ የለኝም። የቀረው ወጪ ግን የብቸኝነት ዋጋም አለበት። ጀርመን ውስጥ ከ10 ቤት 4ቱ የሚኖርባቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። የጁገል ሰው ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞትበት የሚያስተዛዝነው፣ ሲድር የሚያግዘው አፎቻ አለው፤ የበርሊኑ አዛውንት ጠዋት ከቤት የሚያወጣው ውሻው ነው። ሐረር በነፃ የምታገኘውን ጀርመን በዩሮ እየገዛች ነው፤ በዚህ ሂሳብ ሐረር ትበልጣለች፤ በመሰደዴም ብዙ ያጣሁት ይህንኑ ነው። ያም ሆኖ ለምን እዚያ ቀረህ ለሚለኝ መልሴ ደመወዝ ብቻ አይደለም። ሰው የያዘው ነገር ለሚያደርሰው ጉዳት ቀድሞ በስሙ የሚጠየቅበት ቦታ መኖር ያሳርፋል፤ ከመኪናም ከውሻም አስቀድሞ የእኔ ልጅ መንገድ ላይ እንደታሰበበት አውቃለሁ። ይህን ዕረፍት ለሐረር ልጅ መመኘት ባዕድ መሆን አይመስለኝም።

መንገዱም ሩቅ አይደለም። አፎቻና ዕድር መዋጮ መሰብሰብን፣ አባል መመዝገብን፣ የቀረውን መቅጣትን ከማንም አይማሩም። እያንዳንዱ ዕድርና አፎቻ በሰፈሩ ያሉትን ውሾች ቢቆጥር፣ ባለቤት ነኝ የሚል ቢመዘገብ፣ ባለቤት የሌለውን ሰፈሩ በጋራ ቢይዝ፣ ለተከተበው ሁሉ አንገቱ ላይ ቀለሙ በየዓመቱ የሚቀየር ማሰሪያ ቢደረግለት፣ ከበርሊኑ መዝገብ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ከጅብ ትርዒት ከሚገኘው ገቢ ጥቂቱ ለክትባቱ ቢመደብ ደግሞ ዕዳው በድሃው ላይ ብቻ አይወድቅም። ቀኑም አስቀድሞ አለ፦ ከአሹራ በፊት ያለው ሳምንት። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር፣ አሹራን ተከትሎ በየዓመቱ የሚከተብ ውሻ ጊዜው አያልፍበትም። ባለሥልጣኑ በጀት የለም የሚል ከሆነ ባለፈው ዓመት ለተነከሱ ሰዎች ከሕዝቡና ከጤና ተቋማት ኪስ የወጣውን ደምሮ ያሳየን፤ በጀቱ ያ ነው፣ ስንከፍለው ኖረናል።